ታፔላው የተተከለ ዕለት

መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውስም። ዓመቱን ልጆቼ ይነግሩኛል፣ ሲነግሩኝም አይያዝልኝም። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ አልፎ፣ በዓሉ የሚከበርበት ጉዱማሌ ሜዳ ላይ የተረገጠው ሣር ገና እንዳላገገመ፣ ዝናቡም ጀምሮ እንደነበር አውቃለሁ፤ ወደ ገጠር ስንወጣ ጭቃው ጎማ ይይዝ ነበርና። ከዚህ በላይ አትጠይቁኝ። የተመታሁበትን ዱላ ግን ዛሬ ከዱላ ክምር ውስጥ ብትጥሉት አውጥቼ አሳያችኋለሁ።

ሹፌር ነበርኩ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቀረ፤ ከዚያ ወዲህ የያዝኩት መሪ ነው። በዚያን ጊዜ የምሠራው ቢሮው ሀዋሳ መሃል ከተማ በነበረ አንድ የውጭ አገር በጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ ነበር። አብዛኛውን ጊዜ የማመላልሰው የግራንት ኃላፊዋን ነው። ግራንት ምን እንደሆነም ከሷ ነው የተማርኩት። ባሕር ማዶ ያሉ ሰዎች ገንዘብ ይሰጣሉ፤ እንዲሰጡ ግን መጠየቅ አለባቸው። የሚጠየቁበትን ወረቀት የምትጽፈው እሷ ነች። ሲሰጡ የት እንደዋለ የምታስረዳቸው እሷ ነች። ሪፖርቱ ሲዘገይ የሚቆጡትም እሷን ነው።

"ጋሼ፣ እኔ እኮ በኮምፒውተር የምለምን ለማኝ ነኝ" ትለኛለች እየሳቀች።

"ለማኝ እንኳ ሲመሽ ጓዙን ሰብስቦ ይገባል" እላታለሁ። እውነቴን ነው፤ የቢሮው መብራት መጨረሻ የሚጠፋው የሷ ነበር። የልጄ እኩያ ነች፤ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች፣ ቀጭን፣ ሳቋ ከቁመቷ የሚበልጥ።

ነገሩ የውሃ ነገር ነው። ከሀዋሳ ብዙም ሳይርቅ ሁለት መንደሮች ነበሩ። ምንጩ ያለው በላይኛው መንደር ነው። ውሃው በቧንቧ ወርዶ ሰው የሚቀዳበት ቦኖ ደግሞ በሁለቱ መሃል፣ አንዲት የግጦሽ ሣር ላይ ተሠራ። ቦዩን የሁለቱም መንደር ሰው አብሮ ነው የቆፈረው፤ ቧንቧ ጭኜ ስመላለስ በዓይኔ አይቻለሁ። ያቺ ሣር የማን እንደሆነች ግን አባቶቻቸውም አልተስማሙባትም። ከብቶቻቸውን አብረው ያሰማሩባታል፣ ስለሷ አያወሩም፣ በዚያው ይኖራሉ።

ገንዘብ የሰጡት ሰዎች አንድ ደንብ አላቸው። ገንዘባቸው የዋለበት ቦታ ምልክታቸው ያለበት ታፔላ መቆም አለበት። የታፔላው ፎቶ ካልደረሳቸው ቀሪውን ገንዘብ አይለቁም፤ ያለሱ ደግሞ የመጨረሻው ቧንቧ አይገዛም። እሷም ከተማ ውስጥ ታፔላ አሠራች። ፕሮፖዛሉ ላይ የቦታ ስም የሚጻፍበት አንድ መስመር ብቻ ስለነበር የታችኛውን መንደር ስም ጽፋ ነበር፤ ታፔላውም ላይ ያው ስም ወጣ። እሷም፣ ሠዓሊውም፣ እኔም ምንም አልታየንም። ቢሮ ውስጥ ታፔላ ታፔላ ነው። እዚያ አገር ግን ሣር ላይ እንጨት ተክሎ ስም መጻፍ መሬቱን የኔ ነው ማለት ነው።

ታፔላውን ፒካፑ መኪና ኋላ ላይ ጽሑፉን ወደ መንገድ አድርገን አሰርነው። እኔ መቼም ቀስ ብዬ ነው የምነዳው፤ በጭቃ ደግሞ ይብስብኛል። ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች ከጎናችን እየሮጡ ጮክ ብለው አነበቡት፣ ተቀባበሉት። ቦኖው ጋ ስንደርስ ላይኛው መንደር ወሬው ቀድሞን ገብቷል።

ከታችኛው መንደር የመጡ ሁለት ሰዎች ጉድጓድ ቆፍረው ታፔላውን አቆሙልን። እሷ ስልኳን አወጣች።

"ጋሼ፣ እስቲ አጠገቡ ይቁሙልኝ፤ ትልቅነቱ እንዲታይ።"

ሄጄ ቆምኩ። ኮቴን እያስተካከልኩ ሳለ አንድ የላይኛው መንደር ጎረምሳ ከእንሰቱ መሃል ዱላ ይዞ ወጣ።

"አንተ!" አለኝ በሲዳሙ አፎ። እኔም ቋንቋውን እሰማለሁ። "ማነው እዚህ ያቆመህ?"

በሽበቴ አንተ ሲለኝ ደነገጥኩ። "ታፔላ ነው ልጄ። የፈረንጆቹ ነው" አልኩት።

"ፈረንጅ የት አለ? እኔ የማየው አንተን ነው።"

ከቆፋሪዎቹ አንዱ አካፋውን ተደግፎ ሳቀ። "አንብበው እንጂ! ካቃተህ ላንብብልህ?"

"ቦዩን ስንቆፍር ይህ ስም የት ነበር?" አለ ጎረምሳው።

"ቆፈርክ፣ ቆጮህን በላህ፣ አለቀ። አሁን ወደ ቤትህ ግባ!"

ጎረምሳው ታፔላውን በእግሩ ረገጠው። ቆፋሪው አካፋውን አንስቶ በጠፍጣፋ ጎኑ ፊቱ ላይ አሳረፈበት። ድምፁ ሥጋ በእንጨት ላይ ሲጣል እንደሚሰማው ነበር። የልጁ አፍንጫ ወዲያው ተሰበረ፤ ደሙ በአገጩ ወርዶ ሸሚዙን ሲያርሰው አየሁ። ከዚያ በኋላ ማን ምን እንዳለ አልሰማሁም። ከላይ በኩል እንሰቱን እየሰነጠቁ ሰዎች ወረዱ፣ ከታች በኩል ሌሎች ወጡ፤ ዶማ የያዘ፣ ገጀራ የያዘ፣ ድንጋይ የታቀፈ። ትናንት አብረው ቦይ የቆፈሩ ሰዎች በዚያው በቆፈሩበት ዶማ ተማቱ።

እኔ ምን አደረግሁ መሰላችሁ? ታፔላውን አቀፍኩት። የመሥሪያ ቤት ንብረት ነው፣ ከተሰበረ እጠየቃለሁ ብዬ። ሰው እንዲህ ነው፤ ሞት ሲመጣ የሚያስበው አይታወቅም። ልጁ ደሙን በክንዱ ጠርጎ ዞረ፣ አየኝ፣ ዱላውን አነሳ። ራሴን ለመከላከል ቀኝ እጄን ሰቀልኩ። አጥንቴ ሲሰበር ሕመሙ ከመድረሱ በፊት ድምፁን ሰማሁት፤ ደረቅ ጭራሮ በጉልበት ሲሰበር ያለ ድምፅ። ወደቅሁ። አንዱ በሆዴ ላይ ረግጦኝ አለፈ። አፌ ውስጥ ጭቃና ደም ተደባለቀ።

በወደቅሁበት መኪናው ይታየኛል። እሷ ሮጣ ገብታ በሩን ቆልፋለች። የፊት መስታወቱ በድንጋይ ረገፈ፣ ቀጥሎ የጎኑ። ሰዎች መኪናውን ይዘው ከግራ ወደ ቀኝ ይወዘውዙታል፣ ሊገለብጡት። "ጋሼ! ጋሼ!" ስትል እሰማለሁ፤ መነሳት አልቻልኩም። አንድ ሰው ጆሮውን ይዞ እየጮኸ ከፊቴ አለፈ፤ በጣቶቹ መሃል ደም ይፈስሳል። ሌላው የታፔላውን እግር በገጀራ ይቆርጣል፣ እንደ ጠላቱ እግር፣ እየተሳደበ።

ልጁ ከላዬ ቆሞ ዱላውን ሁለተኛ ጊዜ ሰቀለው። ይህኛው ለራሴ እንደሆነ አወቅሁ። ዓይኔን አልጨፈንኩም፤ ለምን እንዳልጨፈንኩ አላውቅም። በዚህ መሃል አንዲት አሮጊት በሁለታችን መሃል ገባች። ሲቆ የሚሏትን ቀጭን በትር ይዛለች፤ የሲዳማ እናቶች ሲዳሩ የሚይዟትን። በትሯን ደረቴ ላይ አጋደመቻት።

"ተሻገራት!" አለችው። "ወንድ ከሆንክ ይህችን ተሻግረህ ምታው!"

ዱላው አየር ላይ ቀረ። ያችን በትር ወንድ አይሻገራትም። ሌሎች እናቶችም በትራቸውን ይዘው እየጮሁ ገቡ። ጠቡ ባንድ ጊዜ አልቆመም፤ እዚህም እዚያም እየተማቱ፣ እየተሳደቡ፣ እንደ እሳት ከዳር እየጠፋ ሄደ።

መኪናው ውስጥ ሴቶቹ ናቸው የጫኑኝ። እሷ መንጃ ፈቃድ ካወጣች ወዲህ ከከተማ ወጥታ አታውቅም። ፀጉሯ ውስጥ ስብርባሪ መስታወት እያብረቀረቀ፣ ያለ ፊት መስታወት፣ ዝናብ ፊቷን እየመታት ነዳች። ጎድጓዳ ሲያነጥረን እጮሃለሁ፤ እኔ ስጮህ እሷም ትጮሃለች።

"ማርሽ ቀይሪ!"

"ወደ የት ጋሼ?"

"ወደ ሦስት! ሞተሩን ልትገዪው ነው እንዴ!"

ሆስፒታል እስክንደርስ እንዲህ ተጯጯህን።

አጥንቴ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ነበር። ሲጎትቱት ነርሷን ነከስኳት ይባላል፤ እኔ አላስታውስም። በጀሶ ታሽጌ ቤቴ ተኛሁ። የሰው ሁሉ ፍርሃት እጄ አይድንም የሚል ነበር። የኔ ፍርሃት ሌላ ነው። ውስጤ የማላውቀው ሰው ገብቶ ነበር። በዕድሜዬ ሰው መትቼ የማላውቅ ሰው፣ ያን ልጅ በሐሳቤ ቀን ከሌት እመታው ጀመር። በመኪና እሄድበታለሁ፤ ወደ ኋላ ተመልሼ እንደገና እሄድበታለሁ። ጎማው ሲነሳና ሲወርድ ይታወቀኛል። የሰፈር ልጆች ኳስ ከቆርቆሮው በር ሲያጋጩ ከአልጋዬ ዘልዬ እነሳለሁ።

ባለቤቴ ትታዘበኛለች። "አንተ እኮ ዶሮ ማረድ የምትፈራ ሰውዬ ነህ። ምን ሆነህ ነው ጥርስህን የምታፋጨው?"

"ያን ልጅ ሳልሰብረው አልሞትም" አልኳት።

"እሱን ስትሰብር አንተስ ትተርፋለህ?"

መኪናው ሲጠገን የጎማ መፍቻውን አስመጥቼ አልጋዬ ሥር አስቀምጬ ነበር። አንድ ቀን ወደ ሆስፒታል ስሄድ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ሹፌር ከሌላ ባጃጅ ጋር ተላተመ። ያኛው ወርዶ ሲሰድበው፣ እኔ፣ ምንም ያልነካኝ ሰውዬ፣ ከኮቴ ሥር መፍቻውን አውጥቼ ወረድኩ። "ና!" አልኩት። ፊቱ ነጣ። "አባባ፣ ተረጋጉ እንጂ" አለና ወደ ኋላው ሸሸ። ሰው ከቦ ያየኛል። በግራ እጄ የሰቀልኩትን ብረት አየሁት። ያን ቀን ራሴን ፈራሁት።

በዚህ መሃል ቢሮው ሌላ ጦርነት ላይ ነበር። ዋናው መሥሪያ ቤት ፕሮጀክቱ ይቁም፣ ገንዘቡም ለሰጪዎቹ ይመለስ ብሏል። የግራንት ኃላፊዋ ልትጠይቀኝ መጥታ ሳለች ስልክ ተደወለላት፤ በራፉ ላይ ቆማ ስትከራከር ሰማኋት።

"ሰው ተደበደበ እንጂ ውሃው ምን አደረገ? ... አዎ፣ መኪናው ውስጥ እኔ ነበርኩ! ... እናንተ ገንዘቡን ብትመልሱ እነሱ እርስ በርስ ይወነጃጀላሉ፤ ቁስላቸው ገና አልዳነም፣ ውሃው ከቀረ ይጋደላሉ። ... ትንሽ ቀን ስጡኝ።"

ገብታ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የሁለቱ መንደር ሽማግሌዎች ሊሸመግሉ ተስማምተዋል አለችኝ። ነገር ግን የተመታው እንግዳ ቀርቦ ካልተናገረ እርቅ አይጸናም ብለዋል። እርቅ ከሌለ ላይኛው መንደር ውሃውን አይለቅም፤ ገንዘቡም ይመለሳል።

"እምቢ ካሉኝ አልጫንዎትም፣ ጋሼ። እኔም እዚያ ቦታ መመለስ ያስፈራኛል።"

"እሄዳለሁ" አልኩ፣ ቶሎ ብዬ። ደስ አላት። ለምን እንደቸኮልኩ አልነገርኳትም። ልጁን የማገኝበት ቦታ ሌላ የለኝም።

እሷው ነዳች። መፍቻው ኮቴ ውስጥ፣ ጎኔ ላይ ነው። ሽማግሌዎቹ በሚሰበሰቡበት ዛፍ ሥር ሰዎቹ በሁለት ወገን ተቀምጠዋል፤ ራሱ የታሰረ፣ ክንዱ የተጠቀለለ፣ ጆሮው ላይ ጨርቅ የለጠፈ። ዱላቸው ከጉልበታቸው አልራቀም። የነሱ ወግ አፊኒ ይባላል፤ የሚናገር ሰው በቅድሚያ "አፊኒ?" ይላል፣ ሰምታችኋል ወይ እንደ ማለት። የተቀመጠው ይመልስለታል። ያን ጊዜ ተናጋሪው እውነቱን መናገር አለበት፤ ማንም አያቋርጠውም።

ልጁ ተነሳ። አፍንጫው ተጣሞ ድኗል።

"አፊኒ?" አለ። መለሱለት። "ይህን ሽማግሌ አላውቀውም ነበር። ታፔላውን አቅፎ ሳየው የሱ መሰለኝ። አባቴ በዚህች ሣር ጠብ ተወግቶ ነው የሞተው። ትንሽ ልጅ ሆኜ ደሙን አይቻለሁ። መታሁት። ስመታው ደስ አለኝ።"

ደስ አለኝ ሲል ዓይኔ ጨለመ። ተራዬ ሲደርስ ስንት ጊዜ እንደጠሩኝ አላውቅም፤ ቆሜ ራሴን አገኘሁት።

"አፊኒ?" አልኩ። ድምፄ የኔ አልመሰለኝም። "ካሣ አልፈልግም። በግም ጊደርም አልፈልግም። እሱ ሰብሮኝ ደስ ብሎታል። እኔም ልስበረውና ደስ ይበለኝ።" መፍቻውን አወጣሁት።

ጉርምርምታ ተነሳ። ከታችኛው መንደር አንዱ "በለው!" ብሎ ጮኸ። ከላይኛው በኩል ዱላ የያዙ እጆች ተነሱ። ዋናው ሽማግሌ ግን እጁን ዘርግቶ ሁሉንም አስቀመጠ። "ሰምተናል" አለ ብቻ፣ ልጁን እያየ።

ልጁ መጣ። ተንበርክኮ ቀኝ ክንዱን ድንጋይ ላይ አስተኛው። "ምታ" አለኝ።

"ጋሼ" አለች እሷ ከኋላዬ።

መፍቻውን በግራ እጄ ሰቀልኩት። ልንገራችሁ፣ አልማርኩትም። ክንዱን አይቼ፣ አነጣጥሬ፣ ባለኝ ኃይል አወረድኩት። ብረቱ የክንዱን ቆዳ ገሽልጦ ድንጋዩን መታው፣ ነጠረ፣ ተመልሶ የራሴን ጉልበት አገኘው። እየጮኽኩ ወደቅሁ። ሆን ብዬ ነው የሳትኩት ወይስ ግራ እጄ ነው የከዳኝ? እስከ ዛሬ አላውቅም፤ አልዋሽም።

ያቺ ባለ ሲቆዋ አሮጊት ከሴቶቹ መሃል፣ "ይህ ሰውዬ ሚስማር እንኳ መትቶ አያውቅም!" አለች።

አንዱ ሳቅ አመለጠው፣ ሌላው ተከተለው። ልጁ ብቻ አልሳቀም። ከክንዱ ደም እየተንጠባጠበ እዚያው ተንበርክኮ ይጠብቃል።

"ድገመው" አለኝ።

"በምኔ?" አልኩት። "ጉልበቴን ሰበርኩት እኮ!"

ያን ጊዜ እሱም አቀርቅሮ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ሳቅ ይሁን ልቅሶ አልለየሁትም። እኔ ግን አለቀስኩ፣ እንደ ሕፃን፣ በሕዝብ ፊት። አሮጊቷ ነጠላዋን ቀዳ የልጁን ክንድ አሰረችለት፤ የቀረውን ለጉልበቴ ሰጠችኝ።

ሽማግሌዎቹ ሲነጋገሩ ዋሉ። እርቁ ጸና። አንድ ነገር ግን ጠየቁ፤ ታፔላ የሚባል ነገር ሣሩ ላይ እንዳይተከል። እሷ ለገንዘብ ሰጪዎቹ ጻፈች፤ ደንብ ነው አሉ፤ እንደገና ጻፈች። ቢሮ ውስጥ ጠረጴዛ ስትደበድብ ሰምቻታለሁ። በመጨረሻ ተስማሙ፤ የሁለቱም መንደር ስም ያለበት ጽሑፍ ቦኖው ግድግዳ ላይ፣ ሲሚንቶው ላይ ተቀባ። ቀሪው ገንዘብ ተለቀቀ፣ ቧንቧው ተገዛ፣ ውሃው ወረደ።

እኔን ግን እርቁ ብቻ አላዳነኝም። ጀሶው ተቆርጦ ከወጣልኝ በኋላ መሪ ስይዝ እጄ አልታዘዝ ይለኛል። ሰው ከጎን ድንገት ሲወጣ ያ ዱላ ይታየኛል፤ ፍሬኑን ትቼ ነዳጁን መርገጥ እግሬን ይቃጣዋል። ይህን ለማንም አልነገርኩም። ሰው ገድዬ እስር ቤት የምሞት መስሎኝ ቁልፉን ቢሮ አስረክቤ ልቀር ነበር። ቁልፉን የተቀበለችኝ እሷ ነች። አየችኝና መልሳ እጄ ላይ አደረገችው። "ነገ ጠዋት ሰው ሳይበዛ እንውጣ" አለችኝ።

ወጣን። በሐይቁ ዳር መንገድ፣ እኔ መሪ ላይ፣ እሷ ከጎኔ። እጇን የእጅ ፍሬኑ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች። ሞተሩ በእጄ ሲጠፋ እስካስነሳው ትጠብቀኛለች። ስቆጣ ትቆጣኛለች። አንድ ጠዋት አንድ ወጣት ብስክሌቱን ይዞ ድንገት ፊቴ ገባ፤ ደሜ ፈላ፣ እግሬ ነዳጁ ላይ ሄደ፤ እሷ የእጅ ፍሬኑን ሳበችው። ግንባሬ መሪውን መታው። ወጣቱ ሳያየን አለፈ።

"ገደልኩት?" አልኳት።

"አልገደሉትም፣ ጋሼ። ሞተሩን እንደገና ያስነሱት።"

አስነሳሁት። በማግስቱም ወጣን፣ ከዚያም በኋላ፣ ሪፖርቷ ጠረጴዛ ላይ ተቆልሎ እያለ፣ ዋናው መሥሪያ ቤት እየደወለላት፤ ያ ውስጤ የገባው ሰው ጥሎኝ እስኪሄድ። ሰዎች ሐኪም ነው ያዳነህ፣ ሽማግሌ ነው ያዳነህ ይሉኛል። ሁሉም የድርሻውን አድርጓል። ያሻገረችኝ ግን እሷ ነች፤ ያቺ በኮምፒውተር ትለምን የነበረች የግራንት ኃላፊያችን።